ሉዋንግ ፖ ሶቶን ጋ መሄድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባንኮክ ለሕክምና ወይም ዕቃ ለማምጣት የሚመላለስ ሐበሻ ብዙ ነው። እኔ የሄድኩት እናቴን ላሳክም ነበር። በምርመራውና በውጤቱ መሃል አራት ቀን ተረፈን። እናቴ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ውጤት መጠበቅ አቃታት። እንቅልፍም እምቢ አላት። ያረፍንበትን ቤት የምታጸዳው ሴትዮ ይህን አይታ ስልኳን አወጣች። በመተርጎሚያው የጻፈችልን አንድ መስመር ነው፦ «እናትሽን ሉዋንግ ፖ ሶቶን ጋ ውሰጃት።»

ወሰድኳት። ከተመለስን ወዲህ ፎቶውን ያየ ሁሉ ይጠይቀኛል። እንዴት ይኬዳል? ምን ይለበሳል? ያ ሁሉ እንቁላል ምንድን ነው? ለእኛ ሃይማኖት ችግር የለውም ወይ? ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ይህ የስለት ቦታ ነው። ሰው ሲጨንቀው የሚሄድበት፣ ሲሰምርለት ደግሞ ለማመስገን የሚመለስበት። ይህን ከያዛችሁ ከታች ያለው ሁሉ በቀላሉ ይገባችኋል።

ሉዋንግ ፖ ሶቶን ማን ነው?

የቡድሃ ሐውልት ነው። ያለው ከባንኮክ በስተምሥራቅ በመኪና መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ቻቸንግሳው ከተማ ነው። ገዳሙ ዋት ሶቶን ዋራራም ዎራዊሃን ይባላል፤ ከባንግ ፓኮንግ ወንዝ ዳር ነው የተሠራው። «ዋት» ታዮች ገዳማቸውን የሚጠሩበት ቃል ነው። «ሉዋንግ ፖ» ደግሞ የሚከበር መነኩሴ መጠሪያ ነው፤ በእኛ «አባታችን» እንደማለት። ሐውልቱንም እንደ አባት ነው የሚጠሩት። ያገኘናቸው ሰዎች ሁሉ «ሉዋንግ ፖ ጋ መጣን» ነበር የሚሉት።

መጠኑ ብዙ ሰው ከሚገምተው ያንሳል። ቁመቱ 1.98 ሜትር ነው። ከጉልበት እስከ ጉልበት ስፋቱ 1.65 ሜትር። እግሩን አጣጥፎ፣ ሁለት እጁን ጭኑ ላይ ደራርቦ፣ በተመስጦ ተቀምጧል። ከላይ የሚታየው በኖራ ላይ የተለበጠ ወርቅ ነው። ምእመናኑ እንደሚሉት ውስጡ ሌላ፣ አነስ ያለ የነሐስ ሐውልት አለ። በኖራ የሸፈኑትም ከሌባ ሊሰውሩት ነው ይላሉ።

በወንዝ ተንሳፍፎ መጣ የሚባለውስ?

የአካባቢው ሰው ሁሉ የሚያወራው ታሪክ ነው። ሦስት ወንድማማች የቡድሃ ሐውልቶች ከሰሜን በኩል ወንዝ ላይ ተንሳፍፈው ወረዱ። አምስት ናቸው የሚልም አለ። ባንኮክ ሲደርሱ ሕዝቡ ገመድ አስሮ ሊጎትታቸው ሞከረ። ሦስት መቶ ሺህ ሰው ቢጎትት ንቅንቅ አላሉም። ባንኮክ ውስጥ ሳምሴን የሚባል ሰፈር አለ። ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው ይባላል፤ «ሳም ሴን» በታይኛ ሦስት መቶ ሺህ ነውና። ከዚያ ሐውልቶቹ ባንግ ፓኮንግ ወንዝ ገቡ። ውሃው ቁልቁል ሲወርድ እነሱ ሽቅብ ሲሄዱ ታዩ። ያ ቦታ ዛሬ ሳምፓቱዋን ይባላል። ሦስቱ ቡድሃዎች ሽቅብ የወጡበት ከሚለው የመጣ ስም ነው።

በመጨረሻ አንደኛው አሁን ገዳሙ ያለበት ዳርቻ ላይ ቆመ። እዚህም ሰው ተሰብስቦ ጎተተ። አልሆነም። ኋላ ላይ ሥርዓቱን የሚያውቅ አንድ ሰው መጣ። የሚገባውን አቅርቦ፣ ከሐውልቱ እጅ ላይ ቀጭን ነጭ የጥጥ ክር አስሮ ለመነው። ሐውልቱ በዚያች ክር ወደ ዳር ወጣ። በገዳሙ ትውፊት ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1770 ነው። የድሮዋ የአገሩ መናገሻ አዩታያ በበርማ ጦር ከወደመች ሦስት ዓመት በኋላ ማለት ነው።

እኔ ከታሪኩ ሁሉ ልቤን የነካኝ ክሩ ነው። ያን የመሰለ ነጭ ክር ዛሬም በታይላንድ ገዳማት አለ። መነኮሳቱ ጸሎት ደግመውበት ሰው እጅ ላይ ያስሩታል። እናቴ የአንዲት ሕፃን እጅ ላይ ታስሮ አይታ «ማተብ እኮ ነው» አለች።

ወንድሞቹ ደግሞ አንዱ ሳሙት ሶንግክራም፣ ዋት ባን ሌም የሚባለው ጋ አለ። ሌላው ሳሙት ፕራካን ውስጥ፣ ባንግ ፕሊ ነው። ሁለቱም ውሃ ዳር ናቸው።

ከባንኮክ እንዴት ይኬዳል?

እኔ የምመክረው ባቡር ነው። ከሁዋ ላምፖንግ ጣቢያ የምሥራቁን መስመር ባቡር ያዙ። የባቡር መንገዱ 61 ኪሎ ሜትር ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ሦስተኛ ማዕረግ ከ20 ባህት (የታይ ገንዘብ ነው) በታች ነው። ወንበሩ ምቾት የለውም። ነገር ግን መስኮቱ ይከፈታል፣ ጣሪያው ላይ ቬንትሌተር ይዞራል፣ የሩዝ ማሳውና የዓሣ ኩሬው በአጠገባችሁ ያልፋል። እናቴ ከመጣን ጀምሮ የመጀመሪያ ወሬዋን ያወራችው እዚያ ባቡር ላይ ነው። ስለ ድሬዳዋ ባቡር።

ማረፊያችሁ ሱቫርናቡሚ አየር ማረፊያ አካባቢ ከሆነ እስከ ሁዋ ላምፖንግ መመለስ አያስፈልግም። ላት ክራባንግ ላይ የአየር ማረፊያው የከተማ ባቡር ጣቢያና የመንግሥት ባቡር ጣቢያ ጎን ለጎን ናቸው። እዚያ ወርዳችሁ መቀየር ትችላላችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት የባቡሩን ሰዓት እዩ፤ በየደቂቃው የሚመጣ አይደለም።

ሚኒባስ ከኤካማይ አውቶቡስ ጣቢያ ይነሳል። ሦስት አራት ሆናችሁ፣ በተለይ የታመመ ሰው ከያዛችሁ፣ ታክሲ ወይም ግራብ (በስልክ መተግበሪያ የሚጠራ መኪና) ይሻላል።

ቻቸንግሳው ባቡር ጣቢያ ስትወርዱ ሶንግቴው ታገኛላችሁ። ከኋላው ፊት ለፊት የሚተያይ አግዳሚ ያለው ፒክአፕ ነው። «ዋት ሶቶን» ማለት ይበቃል። ሰዎች ከተማዋን «ፔት ሪው» ሲሉ ከሰማችሁ አትደናገጡ፤ የቻቸንግሳው የቤት ስም ነው። ስምንት ዝልዝል ማለት ነው። ድሮ ከወንዙ የሚወጣው ዓሣ ከመግዘፉ የተነሳ ለቋንጣ ሲዘለዘል ስምንት ይወጣው ነበር ይላሉ።

ከአዲስ አበባ ስነሳ ምን ላሰናዳ?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ባንኮክ በቀጥታ ይበራል። ከኢትዮጵያ ለሚነሳ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግዴታ ነው። ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብላችሁ ተወጉ፤ ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ላይ ያዙ። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2025 ወዲህ ደግሞ የመግቢያ ቅጹ በኢንተርኔት ነው የሚሞላው። የሚሞላው ከመድረሻችሁ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ ሲሆን ነፃ ነው። ክፍያ የሚጠይቃችሁ ድረ ገጽ ካጋጠማችሁ ዝጉት። የቪዛ ደንብ ስለሚለዋወጥ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ከኤምባሲው ጠይቁ።

መቼ ብሄድ ይሻላል?

ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ጠዋት። እኛ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን፤ ወለሉ ገና ቀዝቃዛ ነበር። ቅዳሜና እሑድ ሰው ይተራመሳል። ጀልባና ገበያ ማየት ከፈለጋችሁ ግን ያው ቅዳሜና እሑድ ነው የሚሻለው፤ ከታች እመለስበታለሁ። አመሻሽ ላይ ስለሚዘጋ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ከባንኮክ አትነሱ።

በዓመት ሦስት ጊዜ በዓል አለ። አንደኛው በቻይናዎች አዲስ ዓመት ነው። ሁለተኛው በታይ አምስተኛው የጨረቃ ወር፣ ወደ ሚያዝያ አካባቢ። ሦስተኛው በአሥራ ሁለተኛው የጨረቃ ወር፣ ወደ ኅዳር። የኅዳሩ ከሁሉም ይደምቃል። የሐውልቱ አምሳያ በጀልባ ተጭኖ በወንዙ ይዞራል፤ ሕዝቡ ዳር ዳሩን ይዞ ይጠብቃል። የእኛን የጥምቀት አጀብ ያየ ሰው ስሜቱን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ስለ ሰዓት ካነሳን አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ። ታዮች በቃል ሲነጋገሩ ማታ ላይ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛ ነው። ፈረንጅ ከምሽቱ ሰባት የሚለውን እነሱ «ኑንግ ቱም» ይሉታል፤ አንድ ማለት ነው። ስምንት የሚለው ለእነሱ ሁለት ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ በጣም ደስ አላት። ዓመቱ ግን ይለያል። ከፈረንጁ በ543 ዓመት ይቀድማል። ደረሰኝ ላይ 2568 ወይም 2569 ብታዩ ስሕተት አይደለም።

መግቢያው ስንት ነው?

ነፃ ነው። መስጠት የፈለገ ሳጥን ውስጥ ይጨምራል። ማንም ቆሞ አይጠብቃችሁም።

ምን ልልበስ?

ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ። በቃ። ስስ ልብስና የተቀደደ ጂንስ ይቅር። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ ስለዚህ ማሰሪያ የሌለው ይሁን። እናቴ እንደ ልማዷ ነጭ ቀሚስና ነጠላ ለብሳ ነበር። ታዮችም ለጸሎት ሲመጡ ነጭ ይለብሳሉ። አንዲት አሮጊት የነጠላውን ጥበብ በጣቷ ነካ አድርጋ ለእናቴ ፈገግ አለችላት። ቋንቋ ሳይኖራቸው ለረጅም ጊዜ አብረው ተቀመጡ።

ክርስቲያን ነኝ። ሙስሊም ነኝ። መግባት ነውር አለው?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ከሁሉም ይበዛል። በእነሱ በኩል ምንም ነውር የለውም። ሃይማኖታችሁን የሚጠይቅ የለም። እንድትሰግዱ፣ ዕጣን እንድትይዙ የሚያስገድድ የለም። ገብታችሁ ከኋላ በኩል በዝምታ መቀመጥ ይበቃል።

በእናንተ በኩል ያለውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። እናቴ ዕድሜ ልኳን ቤተ ክርስቲያን የተሳለመች ሰው ናት። ገባች፣ ጥግ ላይ ተቀመጠች፣ አየች። አልሰገደችም፤ ዕጣንም አልያዘችም። ስትወጣ ወንዙ ዳር ቆማ የራሷን ጸሎት አደረሰች። ይህን ያየ ማንም ቅር አልተሰኘም። እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ለራሱ ጉዳይ ነው የመጣው።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። እነሱ ተንበርክከው ሳለ መሃል ላይ ቆማችሁ «ጣዖት ነው» እያላችሁ አትከራከሩ። አማርኛችሁ ባይገባቸውም ፊታችሁ ይገባቸዋል።

ውስጡ ምን ይመስላል?

ሁለት ቦታ ነው፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ጥሩ ነው።

አንደኛው ትልቁ አዲሱ ሕንፃ ነው። ነጭ፣ ግዙፍ፣ መሃሉ ላይ 85 ሜትር የሚደርስ ጉልላት ያለው። ጫፉ ላይ ያለው ዣንጥላ 77 ኪሎ ግራም ወርቅ ነው። ሲሠራ ሐውልቱን ከቦታው አላነሱትም፤ ሕንፃውን በዙሪያው ነው ያቆሙት። ዋናው ሉዋንግ ፖ ሶቶን ያለው እዚህ ነው፣ ከሌሎች ሐውልቶች መሃል። ወደ ጣሪያው ቀና በሉ። የሰማይ ካርታ ተሥሎበታል። እ.ኤ.አ. በ1996 የያኔው የታይላንድ ንጉሥ ቡሚቦል የጉልላቱን ጫፍ ባኖሩበት ቀን የነበረው የከዋክብት አቀማመጥ ነው። እዚህ ውስጥ ዝምታ ነው ያለው። ጭስ የለም።

ሁለተኛው የስለቱ አዳራሽ ነው። የሐውልቱ አምሳያዎች ያሉት እዚያ ነው። ዕጣኑ፣ እንቁላሉ፣ ወርቁ፣ ከበሮው፣ ግፊያው ሁሉ እዚያ ነው። ትልቁን ሕንፃ ብቻ አይቶ የተመለሰ ሰው ግማሹን ነው ያየው።

ወርቅ የሚለጥፉት እንዴት ነው?

ጥቅል ይሸጣል። ውስጡ ሦስት ዕጣን፣ አንድ ሻማ፣ አንድ የሎተስ እንቡጥና ወርቅ አለው። ወርቁ ከጥፍር ብዙም የማይበልጥ ቁራጭ ነው፤ በሁለት ወረቀት መሃል ተጣብቆ ነው የሚመጣው። ስታዩት ወረቀቱ ከወርቁ ይወፍራል። ወረቀቱን ገልጠው ወርቁን አምሳያው ላይ ያስጠጉና በአውራ ጣት ጫን ይሉታል። ትንፋሽ እንኳ ያነሳዋል። ቬንትሌተሩ ሲዞር የተረፈው ብናኝ አየር ላይ ይበርራል፤ የሰው ፀጉር ላይ፣ ቅንድብ ላይ ያርፋል። ከዚያ አዳራሽ የሚወጣ ሰው ሁሉ የሆነ ቦታው ያብለጨልጫል።

ብዙ ሰው ሐውልቱ ላይ የሚለጥፈው የሚያመውን ቦታ አስቦ ነው። ጉልበቱን ያመመው ጉልበት ላይ፣ ራሱን ያመመው ራስ ላይ። ዋናው ሐውልት ላይ መለጠፍ ግን አይቻልም፤ አምሳያዎቹ ላይ ብቻ ነው።

ያ ሁሉ እንቁላል ምንድን ነው?

ስለት ነው። ተቀቅሎ፣ ከነልጣጩ፣ በትሪ በትሪ ተደርድሮ ይቀርባል። አሥር ሃያ አይደለም። መቶ የተለመደ ነው፤ ከዚያም በላይ ያመጣሉ። «ልጄ ፈተናውን ካለፈ መቶ እንቁላል» ብሎ የተሳለ ሰው ሲሳካለት መቶውን ይዞ ይመጣል። መሳሉን «ቦን» ይሉታል። ማድረሱን «ኬ ቦን» ይሉታል፤ መፍታት እንደማለት ነው። ስለቱ እስኪደርስ ሰውየው እንደ ታሰረ ነው የሚቆጠረው። ለቁልቢ ገብርኤል ተስሎ ዓመቱን ሲቆጥር የኖረ ሰው ይህ ይገባዋል።

ከፊታችን የባንክ ሠራተኛ የምትመስል ወጣት ነበረች። የሥራ ልብሷን ለብሳለች። አራት ትሪ እንቁላል ከመኪና አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። አንዱ ተሰንጥቆ ነበርና አውጥታ በሌላ ተካችው። ዕጣኗን ለኮሰች። ተንበረከከች። ከንፈሯ ለረጅም ጊዜ ሲንቀሳቀስ አየን። ከዚያ እግሯን ወደ ጎን አጥፋ ተቀመጠችና ዕጣኑ ተቃጥሎ እስኪያልቅ ጠበቀች። ስልኳን አላወጣችም። ዕጣኑ ሲያልቅ ተነሥታ እንቁላሉን ማንሳት ጀመረች።

እንቁላሉ እዚያ አይቀርም። ሰው ይዞት ይሄዳል፤ ለቤተሰብ፣ ለጎረቤት፣ ለባልደረባ ያድላል። ልጅቷ ዞር ስትል እናቴን አየቻት። አራት እንቁላል በሁለት እጇ አቀረበችላት። እናቴም ተነሥታ በሁለት እጇ ተቀበለች። ትልቅ ሰው ፊት እንዲያ ነው የሚሰጠው፣ እንዲያ ነው የሚቀበሉት፤ እዚህም እዚያም።

ለስለት የቀረበ አልበላም ብልስ?

ተቀበሉና ለሌላ ሰው ስጡ። እምቢ ብሎ መመለስ ሰጪውን ያስከፋል። እናቴም አልበላችውም። በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ይዛው ባንኮክ ገባች፤ ለዚያች ለላከችን ሴትዮ ሰጠቻት። ሴትዮዋ እንቁላሉን ግንባሯ ላይ አስነክታ ተቀበለች።

እዚያ አዳራሽ የሚጨፈረው ለቱሪስት ነው?

አይደለም። እሱም ስለት ነው። አንዳንዱ «ከተሳካልኝ ጭፈራ አስጨፍራለሁ» ብሎ ይሳላል። ባለ ስለቱ እንደ አቅሙ የጨፋሪ ቁጥር መርጦ ይከፍላል፤ ስሙ በማይክ ይጠራል። ሹል ዘውድ የደፉ፣ ያሸበረቀ ልብስ የለበሱ ሴቶች ወደ ሐውልቱ ዞረው ይጨፍራሉ። ፊታቸውን ወደ እኛ ያላዞሩት ለዚህ ነው። ማየት ይቻላል። በእነሱና በሐውልቱ መሃል ማለፍ ግን አይገባም።

ሳላውቅ የማጠፋው ምን ሊሆን ይችላል?

ትልቁ የእግር ነገር ነው። የእግር መዳፍ ወደ ሐውልቱም ሆነ ወደ ሰው ማዞር ስድብ ነው። ወለል ላይ ስትቀመጡ እግራችሁን ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን አጥፉ። እግር ዘርግቶ መቀመጥ አይሆንም። ደፍ አትርገጡ፤ ተሻግራችሁ ግቡ። የሰው ራስ አትንኩ፣ የሕፃንም ቢሆን። እኛ ሕፃን ስናይ ራሱን መዳበስ ይቀናናልና ይህን አስታውሱ።

ሴቶች መነኩሴ መንካት የለብንም። የምትሰጡት ነገር ካለ እሱ በሚዘረጋው ጨርቅ ላይ አኑሩ። ባቡር ወይም ሶንግቴው ላይም አጠገባቸው አትቀመጡ።

ፎቶ ማንሳት ይቻላል?

በር ላይ ያለውን ምልክት ተከተሉ። በተፈቀደበት ፍላሽ አጥፉ። ለሐውልቱ ጀርባ ሰጥቶ፣ እጅ ዘርግቶ ሰልፊ ማንሳት ያስቀይማል። የሚጸልይ ሰው ፊትም አታንሱ። ያቺን ባለ እንቁላል ልጅ ፎቶ የለኝም፤ ባለማንሳቴም ደስ ይለኛል።

የታመመ ወይም ያረጀ ሰው ይዤ መሄድ እችላለሁ?

ትችላላችሁ። እዚያ ከሚያጋጥሟችሁ ሰዎች ብዙዎቹ ታማሚና አዛውንት ናቸው። ወለል ላይ መቀመጥ ለማይችል ወንበር ይገኛል፤ በምልክት ብትጠይቁ ያመጡላችኋል። ችግሩ ሙቀቱ ነው። አምስት ሰዓት ካለፈ ግቢው ያቃጥላል፤ በባዶ እግር መሄድ ደግሞ ግዴታ የሚሆንበት ቦታ አለ። ካልሲ ያዙ። ውሃ ያዙ። ዕጣኑ በጣም ስለሚጨስ አስም ያለበት ሰው የስለቱን አዳራሽ በሩ ላይ ሆኖ ይየው። መድኃኒት በሰዓት የሚወስድ ሰው ካለ የመመለሻውን ባቡር ሰዓት አስልታችሁ ሂዱ። እኛ ይህን ሳናስብ ሄደን የእናቴ የቀትር መድኃኒት ባንኮክ ቀርቶ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ጾም ላይ ብሆን ምን እበላለሁ?

«ጄ» የሚል ምግብ ፈልጉ። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት የሌለበት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ የለውም። ምልክቱ ቢጫ ላይ በቀይ የተጻፈ ነው፤ ፊደሉን ለማያውቅ ሰው 17 ቁጥር ይመስላል። «አትክልት ብቻ» ብላችሁ ብታዙ ግን የዓሣ ሶስ ይጨምሩበታል፤ እነሱ እንደ ጨው ነው የሚያዩት። ሙስሊም ከሆናችሁ የሐላል ምልክት ያላቸው ምግብ ቤቶች አሉ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ከሄዳችሁ ማንጎ ብሉ። ቻቸንግሳው በማንጎዋ የታወቀች ናት።

ትንሽ ሐውልት ገዝቼ ላምጣ?

አስቡበት። የቡድሃ ሐውልት ከታይላንድ ለማውጣት የአገሩ የሥነ ጥበባት መምሪያ ፈቃድ ያስፈልጋል። አንገት ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ክታብ ለራስ ከሆነ ችግር የለውም። ታዮች ክታቡን «ገዛሁ» አይሉም፤ «ተከራየሁ» ነው የሚሉት። ቅዱስ ነገር ዋጋ አይወጣለትም ከሚል ነው። ሳሎን ላይ ለጌጥ የሚቀመጥ የቡድሃ ራስ እነሱን በጣም ያሳዝናቸዋል። ለቤት የሚሆን ስጦታ ከፈለጋችሁ ቅርጫት ግዙ።

ግቢው ውስጥ የሚሸጡትን ወፍ ገዝቼ ልልቀቅ?

ወፍ መልቀቅ በታይላንድ ገዳማት እንደ ጽድቅ ይቆጠራል። እኔ ግን አልመክርም። የሚሸጡት ለመለቀቅ ሲባል የተያዙ ናቸው፤ ብዙዎቹም ተመልሰው ይያዛሉ። ወንዙ ዳር ወርዳችሁ ለዓሣው ዳቦ ጣሉ። ውሃው እንደሚፈላ ድስት ይንተከተካል። ልጆች እዚያ ከቆሙ አይነሱም።

ከገዳሙ ሌላ ምን ይታያል?

ወንዙ። ከገዳሙ ወደብ ጀልባ አለ፤ በተለይ ቅዳሜና እሑድ። ወደ ባን ማይ የመቶ ዓመት ገበያ ይወስዳችኋል። ውሃው ላይ የቆሙ የእንጨት ቤቶች ናቸው፤ ድሮ ቻይናዎች የሚነግዱበት ነበር። ባንግ ፓኮንግ ከባሕር ጋር ይተነፍሳል፤ ባሕሩ ሲሞላ ውሃው ሽቅብ ይመለሳል። ሐውልቶቹ ሽቅብ ሄዱ የሚለው ታሪክ እዚያ ጀልባ ላይ ተቀምጦ ሲታሰብ እምብዛም አይገርምም።

እምቦጭም አለ። ልክ ጣና ላይ ያለው፣ ያው ሐምራዊ አበባው። በጅምላ ተንሳፍፎ ይወርዳል። ታይላንድ ውስጥ ግንዱን አድርቀው ቦርሳና ቅርጫት ይሠሩበታል፤ ቅርጫት ግዙ ያልኩት እሱን ነው። እናቴ አንድ ገዛች። አሁን ቤት ውስጥ ክርና መርፌዋን ታስቀምጥበታለች።

ጊዜ ካላችሁ ዋት ሳማን ራታናራም እዚያው ወንዝ ዳር ነው። የተጋደመ ሮዝ የጋኔሽ (የዝሆን ራስ ያለው የሂንዱ አምላክ) ሐውልት አለው፤ 16 ሜትር ቁመት፣ 22 ሜትር ርዝመት። ልጆች ይወዱታል። እኔን ብትጠይቁኝ አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ሉዋንግ ፖ ጋ ቆዩ።

እናንተስ ተስላችሁ ነበር?

እዚያ አልተሳልንም። እናቴ ከአዲስ አበባ ሳትነሳ ለኪዳነ ምሕረት ዣንጥላ ተስላ ነበር። ውጤቱ የመጣው ከገዳሙ በተመለስን በሁለተኛው ቀን ነው። ሐኪሙ ቀዶ ጥገና አያስፈልግም አለ፤ በመድኃኒት እየተከታተለች ትቀጥላለች።

አገር ገብተን በወሩ ዣንጥላውን አስገባች። ወርቃማ ዘርፍ ያለው፣ ቀይ። ፎቶ አስነሥታኝ «ለዚያች ለላከችን ሴትዮ ላኪላት» አለችኝ። ላክሁላት። ወዲያው መልስ መጣ። እሷም ፎቶ ነው የላከችው፤ ጽሑፍ የለውም። ሉዋንግ ፖ ሶቶን አዳራሽ ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ የተደረደረ እንቁላል። ለካ ስለ እናቴ ተስላ ኖሯል። ቆጠርነው፤ መቶ ነው።